የቲቸር ትርፌ ድምፅ

ይህን አንብቦ «ፈጠራ ነው» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ይበል። እኔ የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው።

ወላይታ ሶዶ ነው። አርብ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

አዎ፣ በቀን። «ሌሊት ቢሆን ኖሮ ህልም ነው ብዬ እተወው ነበር» ትላለች።

ትርፌ ትባላለች። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ዳሞታ ተራራ ሥር ባለ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። ልጆቹ በየዴስኩ ተጣበው ነው የሚቀመጡት። እያንዳንዱን ላስነብብ ብትል ጊዜ አይበቃትም።

ስለዚህ የማስተማሪያ መተግበሪያ ሠራች። ኮድ የሚባል ነገር አታውቅም። የምትፈልገውን በአማርኛ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንሱ ነገረችው፣ እሱ ጻፈላት። ታብሌቱን ወደ አንድ ነገር ሲያዞሩት በካሜራው አይቶ ስሙን ይጠራል፤ ልጁ ይደግማል። በቃ ይኸው ነው።

ድምፁ ግን የራሷ ነው። ጥቂት ቃላት ቀዳችለት፤ የቀረውን እሱ በእሷ ድምፅ ቀጠለበት።

ስህተቷ እዚህ ላይ ነው። የአንደኛ ክፍል ልጅ የቲቸርን ድምፅ ከሰማ ይታዘዛል። ተነስ ሲባል ይነሳል። ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ከሁሉም ታዛዧ ደግሞ የገዛ ልጇ ማክዳ ነበረች። የምትማረው እዚያው እናቷ ክፍል ነው። ለልጇ ታዳላለች እንዳትባል ትርፌ አስጠንቅቃታለች፦ «ግቢ ውስጥ እናትሽ አይደለሁም። ቲቸር በይኝ።» የመምህር ልጅ የሆነ ሁሉ ይህችን ነገር ያውቃታል።

የዚያን ቀን ተማሪዎቹ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ጭጋጉ ከዳሞታ ወርዶ ግቢውን ሸፍኖታል። እናትና ልጅ መተግበሪያውን ሊሞክሩ ክፍል ውስጥ ቀሩ። ታብሌቱን የያዘችው ማክዳ ነበረች።

«ዴስክ» አለ ታብሌቱ።

«ዴስክ» አለች ማክዳ።

«መስኮት።»

«መስኮት።»

«ልጅ።»

ማክዳ ሳቀች። «እኔን አየኝ!»

ትርፌ ቀና ብላ አየች። ካሜራው የዞረው ወደ ማክዳ አልነበረም። ወደ ኋላ ዴስክ ነበር... ባዶው ዴስክ።

«አምጪው እስቲ።»

ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኛችው። ካሜራው አሁን ከጣውላው በቀር የሚያየው ነገር የለም።

«ልጅ» አለ ታብሌቱ።

«ልጅ... ልጅ... ልጅ...»

አልቆመም። ወንበር በወንበር እየጠቆመ እንደሚሄድ ሰው ነበር የሚናገረው። በእሷው ድምፅ።

ትርፌ አጠፋችው። ማሽን ይሳሳታል፣ ምን አዲስ ነገር አለው ብላ ራሷን አጽናናች። ልጇ ፊት መደንገጥም አልፈለገችም።

«የክፍሉን ቁልፍ ከቢሮ ላምጣና እንሂድ። ከዚህ እንዳትነቃነቂ፣ እሺ?»

«እሺ ቲቸር።»

ቢሮው ከክፍሉ ፊት ለፊት ነው። ቁልፉን ከግድግዳው ላይ ስታነሳ የራሷን ድምፅ ሰማች።

«ማክዳ... ተነሺ።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። አፏ ዝግ ነው።

የማክዳን ስም አንድም ቀን ለመተግበሪያው አልነገረችውም።

«ወደዚህ ነይ።»

«እሺ ቲቸር!» አለች ማክዳ።

ትርፌ እየወደቀች እየተነሳች ሮጠች። ክፍሉ ባዶ ነው። ታብሌቱ ግን ካስቀመጠችው ቦታ አልተነሳም። እንደጠፋ ነው።

ድምፁ ከየት መጣ ታዲያ?

በኋለኛው በር ወጣች። ከክፍሉ ጀርባ የትምህርት ቤቱ እንሰት አለ። ማክዳ እንሰቱ አጠገብ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ሰሌዳ ፊት እንደወጣ ተማሪ ቆማለች። ፊቷ ወደ ውስጥ ነው።

«ማክዳ!»

«ማክዳ» አለ ከእንሰቱ ውስጥ። ከእሷ ይልቅ የረጋ፣ ከእሷ ይልቅ የሚያባብል ነበር።

ልጅቷ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አየች።

«ማክዳዬ፣ እኔ ነኝ... እናትሽ ነኝ!»

ማክዳ በሹክሹክታ መለሰች። «ግቢ ውስጥ እናት የለም ብለሽ... ቲቸር ናት የጠራችኝ።»

ትርፌ ከዚያ በላይ አልጠበቀችም። ዘላ አፈፍ አደረገቻት። አቅፋት እያለቀሰች ወደ ዋናው በር ሮጠች። ከኋላዋ እርጥቡ ሳር ላይ ኮቴ ይሰማል። የብዙ ትንንሽ እግሮች ኮቴ። ዞራ አላየችም።

ዘበኛው ጋሽ ኤርካሎ በሩን ከፈቱላት። እመር ብላ ወጣች።

«ጋሼ ይዝጉት! በእግዚአብሔር ይዝጉት!»

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አዩአት። በሩን ጭራሽ ወለል አደረጉት።

«ምነው ቲቸር... ልጆቹ ይውጡ እንጂ።»

እጃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጭጋጉ ውስጥ፣ በልጅ ቁመት ልክ፣ አንድ በአንድ ይዳብሱ ጀመር።

«ቀስ... አትጋፉ... ቀስ...»

ድንገት እጃቸው ቆመ። ጎንበስ ብለው ባዶውን ጭጋግ አዩ። ፈገግ አሉ።

«ማክዳ... ምነው ታለቅሻለሽ? እናትሽ ያችውልሽ። ሩጪ፣ ትደርሺባታለሽ።»

ትርፌ አንገት ላይ የተጠመጠሙት ትንንሽ እጆች ጠበቅ አሉ።