የታሂር የመጨረሻ ቁልቁለት

የታሂር ስፖርት መኪና ከሮቢት በላይ ባለው የጠጠር ቁልቁለት ግርጌ፣ ግራር ላይ ተጨፍልቃ ተገኘች። ታሂር ደሙ ደረቱን አልብሶት መሪው ላይ ተደፍቷል። ከወጣትነቱ እስከ ሽበቱ በባሌ ጭቃ፣ በጅቡቲ አሸዋ፣ በዱባይ አስፋልት የተወዳደረ፣ «የማይነዳው መንገድ የለም» የተባለለት የቆቦ ሰው ነበር።

ኢንስፔክተር ወርቅነሽ ስትደርስ የሟች ወንድም መህዲ የሟችን ሚስት ዘሊካን አንቆ፣ «ፍሬኑን አስበጥሰሽ አስገደልሽው» እያለ ሲደበድባት አገኘችው። ፖሊሶች በግድ አላቀቁት።

መርማሪዋ ከመኪናዋ ጀመረች። ፍሬኑ ደህና ነው፤ ማርሹ ግን አልገባም፤ ፎሌ ላይ ነበር። የጎማው ፈለግ አንዴም ሳይጣመም ዛፉ ድረስ ይሄዳል። ማሰሪያው በሁለት ቀለበቶች ሾልኮ የታሰረውን ሄልሜት ፈትታ ስታወልቀው የሟቹ ጭንቅላት ከኋላ ተፈርክሷል፤ ሄልሜቱ ግን ጭረት እንኳ የለበትም።

መህዲ ጎብዬ ገበያ ነበርኩ አለ። ዘሊካ ባሏ ለመሰናበቻው ውድድር ሊለማመድ እንደወጣ ተናገረች። በውድድር ሁሉ አጠገቡ ተቀምጦ መታጠፊያውን አስቀድሞ የሚነግረው ኑሀም ቤቴ ተኝቼ ነበር አለ።

ከቀብር በኋላ ሦስቱን ቆቦ ፖሊስ ጣቢያ ሰበሰበቻቸውና ሄልሜቱን በየተራ እንዲያስሩ አዘዘች። ዘሊካ ማሰሪያውን ቋጠረችው። መህዲም እንዲሁ። ኑሀ ጥቂት ነካካና መለሰው።

«ወላሂ፣ አላውቅበትም።»

ወርቅነሽ ሄልሜቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ታሂር በሕይወት እያለ ቢጋጭ ኖሮ ፍሬን ይይዝ፣ መሪ ያዞር ነበር። መኪናዋን በፎሌ ቁልቁል የለቀቃት ሌላ ሰው ነው። ጭንቅላቱን ከመታው በኋላ ሄልሜቱን ያጠለቀለትም እሱ ነው። ማሰሪያውን በሁለቱ ቀለበቶች አሾልኮ እንደ ተወዳዳሪ አስሮታል። ኑሀ፣ አንተ እንዲህ ያለ ሄልሜት ስታስር ነው ያረጀኸው። ንጹሕ ብትሆን ለምን አላውቅበትም ትላለህ?»

ኑሀ ሄልሜቱን ስቦ ማሰሪያውን በሁለቱ ቀለበቶች አሾልኮ አሰረው።

«ዕድሜ ልኬን መንገዱን ስነግረው ኖሬ፣ ለመሰናበቻው ሌላ ሰው አጠገቡ ሊያስቀምጥ ሆነ። እየለመንኩት ጀርባውን ሰጠኝ። በጎማ መፍቻው መታሁት።»

መህዲ ዘሎ አፉን በቡጢ አለው። ፖሊሶች ሲገላግሉ ዘሊካ ያበጠ አንገቷን ይዛ ተነሣች።

«ዓይንህ መድከሙን ያውቅ ነበር» አለችው። «ሰው ፊት እንዳትዋረድ ብሎ ነው ምክንያቱን የደበቀህ። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር።»

ኑሀ ከአፉ የሚፈሰውን ደም ሳይጠርግ መሬት ላይ ተቀመጠ።