ሦስት ክፍል ያለው ልብ

የባዮሎጂ መምህርቷ ክፍሏ ውስጥ በግንባሯ ተደፍታ ሞታ ተገኘች። ማጅራቷን የመታት የፕሮጀክተሩ ብረት መቆሚያ አጠገቧ ወድቋል። ከኢንተርኔት ፊልምና ሥዕል ለቅማ፣ በክፍልና በምዕራፍ ለይታ፣ በራሷ ድምፅ እየተረከች የባዮሎጂ ትምህርት ስታደራጅ ዓመታት የፈጀች ሴት ናት።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል። ገና ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሳትገባ የሟች ታናሽ እህት ፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ስታለቅስ አየች።

«ለምን እሷ?»

«ግልጽ ነው እኮ!» አለ ምክትል ርዕሰ መምህሩ። «ሁላችንም ስብሰባ ላይ ነበርን። ሟች ከጎን ካለው ክፍሏ ትምህርት ስትቀዳ ድምጿ ይሰማን ነበር። ድምፁ ሲያቆም ልጥራት ብዬ ብሄድ ሞታለች። ግቢው ውስጥ ሆና ከመካከላችን ያልነበረችው እህቷ ብቻ ናት። ትናንትም ሲጨቃጨቁ ነበር።»

የፊዚክስ መምህሩ ዓይኑን ጠረገ። «ነፍሷን ይማርና እኔማ ስቄባታለሁ። ‹የሰው ልብ ሦስት ክፍሎች አሉት› ስትል ሰማኋት። እኔን በአንዲት ቁጥር ስሕተት ቁም ስቅሌን ስታሳየኝ የኖረች ሴት!»

እትዬ ለምን የሟችን ኮምፒውተር ከፈተች። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል። የደም ዝውውሩን ምዕራፍ ስታጫውተው ድምጿ ጥርት ብሎ፣ «የሰው ልብ አራት ክፍሎች አሉት» አለ።

ወደ መኪናው ሄደች። «ትናንት ለምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«ተዪው ብያት ነዋ! ምክትሉ ልፋቷን ሰኞ በራሱ ስም ለኃላፊዎች ሊያቀርብ ነው። ስጪኝ ሲላት ሰጠችው፤ ግን ለሱ ብቻ በሰጠችው ቅጂ ውስጥ ሆን ብላ አንድ ስሕተት ከታበታለች። ‹ያጨብጭቡለት፣ ከዚያ እጄን አውጥቼ እጠይቀዋለሁ› አለችኝ። እታለም ቂሟን አትረሳም።»

«ስሕተቱ የቱ ላይ ነው?»

«አልነገረችኝም።»

የእትዬ ለምን ደም ፈላ። ሰውየው መጀመሪያ ሥራዋን፣ ቀጥሎ ድምጿን ዘርፏታል። እህትየውን ይዛ ሁሉንም ስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እስቲ ሰኞ የሚያቀርቡትን ያሳዩን» አለችው ምክትሉን።

ላፕቶፑን ከፈተ። የገዛ ስሙ በትልቁ ተጽፎ ብቅ አለ። የደም ዝውውሩን አስከፈተችው።

«የሰው ልብ ሦስት ክፍሎች አሉት» አለች ሟች።

የፊዚክስ መምህሩ ብድግ አለ። «ይኸው! የሰማሁት ይሄንን ነው!»

«እናንተ ድምጿን ስትሰሙ እሷ ሞታለች» አለች መርማሪዋ። «ገዳዩ የራሱን ስልክ አጠገቧ ትቶ፣ ይሄንን ቅጂ ከፍቶ፣ መጥቶ ከእናንተ ጋር ተቀመጠ። ሲያልቅ ስልኩን ማንሳት ነበረበት፤ ‹ልጥራት› ያለውም ለዚሁ ነው። የእሷ ኮምፒውተር አራት ይላል። ሦስት የሚለው ቅጂ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው። የሰረቁትን አንድ ቀን ልብ ብለው ሰምተውት ቢሆን ኖሮ ባልተያዙ ነበር።»

«ሰኞ በሰው ፊት ላዋርድህ ነው አለችኝ!» ብሎ ጮኸ። ያለውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

እጁ ላይ ካቴና ሲገባ እህትየው ወደ ላፕቶፑ ሄዳ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችና እንደገና አጫወተችው።

«ከግቢው እስኪወጣ ይስማት» አለች።

የሟች ድምፅ ኮሪደሩን ሞልቶ ተከተለው። ሁለቱ ፖሊሶች ድምፁ ይዘጋ እንደሆነ ዞረው መርማሪዋን አዩ። እትዬ ለምን ግን እህትየውን «ለምን?» ብላ አልጠየቀችም።