በደነዘዘ እግር

ካያኳን ከመጋዘኑ ሲያወጧት ዝናቡ ገና አልጀመረም፤ ሐይቁ ግን ፊቱን አጥቁሮ ነበር። ልጅቷ ከፊት፣ አባቷ ከኋላ ተሸክመው፣ ሙጫና እርጥብ ጃኬት ከሚሸተው ክፍል በሲሚንቶው መንሸራተቻ ቁልቁል ወደ ውሃው አወረዷት። ካያኳ ሁለት ሰው የምትይዝ ረዥምና ጠባብ የቀዘፋ ጀልባ ናት። ከኋላ የሚቀመጠው በእጁ እየቀዘፈ በእግሩ ሁለት ፔዳል ይረግጣል፤ ፔዳሎቹ በሽቦ ከጅራቷ መሪ ጋር ተያይዘዋል። ግራውን ሲረግጥ ወደ ግራ፣ ቀኙን ሲረግጥ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ያንን ሽቦ ባለፈው ሳምንት አውጥታ በአዲስ የቀየረችው ልጅቷ ናት፤ ጣቷ ላይ የወጋት ቦታ እንኳን ገና አልሻረም።

የዚያን ዕለት ፈተና ላይ ነበረች። የልብስ ስፌት ሥራዋን ትታ የወንዝ አስጎብኚ ለመሆን ስትለፋ ከርማለች። ሐይቁን አቋርጣ፣ ወንዙን ወርዳ፣ ጀልባዋንም ተሳፋሪዋን አባቷንም ታችኛው ወደብ በደህና ማድረስ አለባት። ዘንድሮ ወደቡ የሚቀጥረው አንድ አስጎብኚ ብቻ ሲሆን፣ ሌላው ተፈታኝ ደግሞ የ«መሬት» ታናሽ ወንድም ነው።

ስለ መሬት መናገር ያስፈልጋል። የልጅቷ አባት የቀዘፋ ክለቡ አሰልጣኝ ነው፤ ክለቡ ውስጥ ደግሞ እሱ ያመጣው አንድ ልማድ አለ። በረዥም ጉዞ ላይ ከሁሉ ቀድሞ «እንውረድ፣ እግሬን ላፍታታ» ያለ ሰው ዓመቱን ሙሉ «መሬት» ይባላል። ለቀልድ የተጀመረ ነገር ነበር። አንዱን ረዥም ቀጭን ቀዛፊ ግን ስሙ ተጣብቆበት ቀረ፤ ዓመቱ አልፎም፣ እሱ ተቀይሞ ክለቡን ለቆም፣ ወንዙ ዳር ያለ ሰው ሁሉ በሌላ ስም አያውቀውም። ዛሬ የወንድሙ ተሳፋሪ ሆኖ እዚያው መንሸራተቻው ላይ ቆሟል።

የሚገርመው ደግሞ ስለ እግር አሰልጣኙን የሚያህል አስተማሪ አለመኖሩ ነው። ጉልበታችሁን በትንሹ አጥፉ፤ ወደ ውጭ ክፈቱት፤ ከጭናችሁ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጉ፤ በምትቀዝፉበት ጎን ባለው እግር ግፉ፤ እግራችሁ ሳይጮህ ቀድማችሁ ውረዱ፤ ይህን ሁሉ ለጀማሪዎች አፉን ሞልቶ ይናገራል። ለራሱ ግን፣ በቃ፣ እሱ ጀማሪ አይደለማ!

ትናንት አንዲት አጭር ሴት ተለማምዳባት ስለነበር ፔዳሎቹ ወደ መቀመጫው ተጠግተዋል። አሰልጣኙ ገና እንደተቀመጠ ጉልበቱ ከጀልባዋ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ፔዳሎቹን የያዘውን ፒን ነቅሎ ወደፊት መግፋት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

«አባዬ፣ ፔዳሉን ለራስህ ልክ አድርገኸዋል?»

መሬት መንሸራተቻው ላይ ቆሞ እያያቸው ነበር። «አንቺ ደግሞ እኔን ልታስተምሪኝ ነው?» አለ አሰልጣኙ፣ ሆን ብሎ ጮክ ብሎ።

«ኃላፊዋ እኔ ስለሆንኩ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ኃላፊነትሽን መቅዘፊያሽ ላይ አሳዪን።»

የመሬት ወንድም ሳቀ። የልጅቷ ጆሮ ቀላ። የኋላውን መቀመጫም ፈልጋው ነበር፤ «መሪው እኔ ጋ ይሁን» ብሎ የወሰደባት አባቷ ነው። ስለዚህ እሱ የሚያየው ጀርባዋን፣ እሷ የምታየው ውሃውን ብቻ ሆነ።

ነፋሱ የደረሰባቸው ሐይቁ መሐል ላይ ነው። ዝናቡ በአግድም መጣ። ማዕበሉ ከጎን እየመታ ካያኳን ሲያዘንብላት አሰልጣኙ እግሩን ፔዳሎቹ ላይ ችክል አድርጎ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ መለሰ፤ ልጅቷ ውሃው ፊቷ ላይ እየፈሰሰ ቀዘፈች። ሞገዱ አለፈ፣ ሌላ መጣ፣ እሱም አለፈ። ወደ ወንዙ አፍ ሲገቡ ሁለቱም እያለከለኩ ነበር። አሰልጣኙ ከጉልበቱ በታች ጉንዳን የወረረው መሰለው። ቆይቶ ጉንዳኑም ቀረ፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው።

«አባዬ፣ ያቺ አሸዋ ላይ እንወርዳለን» አለች።

«ገና ወንዙን ሳንጀምር? የነዚያ መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

«ይሳቁ። ውሳኔው የእኔ ነው፣ እንወርዳለን።»

አሰልጣኙ አኮረፈ። ሆዱ ውስጥ ግን «ተመስገን» ያለ ነገር ነበር፤ ይህንንም ለማንም አይናገርም።

አሸዋው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ግንድ የመሰላቸው ነገር ዓይኑን ገለጠ። አዞው በሆዱ ተንሸራትቶ ያለ ድምፅ ውሃው ውስጥ ገባ።

«ቀኝ! ቀኝ ርገጥ!»

አሰልጣኙ ረገጠ። የረገጠ መሰለው። ካያኳ ግን ቀጥ ብላ አዞው ወደ ጠለቀበት ሄደች። ልጅቷ ሙሉ ሰውነቷን አዙራ መቅዘፊያዋን በሰፊው ስትጠርግ የካያኳ አፍንጫ ዞረ፤ የአዞው ጀርባ ከጎናቸው ብቅ ብሎ የጀልባዋን ሆድ ታክኮ አለፈ። ድምፁ በአጥንታቸው ገባ። ከዚያ በኋላ ቀዘፉ፣ ቀዘፉ፣ አሸዋው ከዓይን እስኪጠፋ።

«ምነው ዘገየህ?» አለች ልጅቷ ትንፋሿ ሲመለስ።

እዚህ ላይ እውነቱን ቢናገር ነገሩ እዚሁ ያልቅ ነበር። «እግሬ ደንዝዟል» ማለት ሁለት ቃል ነው።

«የመሪው ሽቦ ነው» አለ። «ያዝ ያደርጋል።»

«የቀየርኩት ሽቦ?»

«እንግዲህ… አዎ። አሁን ግን ለቀቀ፣ አይዞሽ።»

ትከሻዋ ዝቅ ሲል ከኋላ አየው። አሰልጣኙን ከአዞው ይልቅ ያ ትከሻ አስፈራው፤ ሆኖም መቅዘፉን ቀጠለ። አንዴ የዋሸ ሰው ውሸቱን ማረም መጀመሪያውኑ እውነቱን ከመናገር ይልቅ ይከብደዋል፤ እሱን ደግሞ በልጁ ፊት አንሶ መታየት ከሁሉ በላይ ይከብደው ነበር።

ወንዙ በድንጋይ ደሴት ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ የሁለቱ ወንድማማቾች ካያክ ከጎናቸው መጣ። ቀኙ ሰፊ ነው፤ ግን ጥልቀት የለውም፣ የጀልባ ሆድ ይፍቃል። ግራው ጥልቅ ነው፤ ጠባብ ስለሆነ የሚያሳልፈው አንድ ጀልባ ብቻ ነው።

«መንገድ ልቀቁ!» ብሎ ጮኸ ታናሽየው።

«የቀደምነው እኛ ነን!» አለች ልጅቷ። ቀድመው ነበርም። «አባዬ፣ ግራ! አሁን!»

ውሃው ጎተታቸው። አሰልጣኙ ጥርሱን ነክሶ ግራውን ሊረግጥ ቢሞክር የትኛው እግሩ የት እንዳለ አላወቀም። የረገጠው ቀኙን ነው። ካያኳ በጎኗ ዞራ ወደ ደሴቱ ድንጋይ ሄደች፤ ልጅቷ ድንጋዩን በመቅዘፊያዋ ልትገፋ እጇን ዘረጋች፤ ስንጥቅ የሚል ድምፅና የእሷ ጩኸት አንድ ላይ ተሰማ። ወንድማማቾቹ ተርፈው ሾልከው አለፉ። ልጅቷንና አባቷን ግን ወንዙ በውሃ ከተሞላች ካያካቸው ጋር ወስዶ ከታች ጠጠሩ ላይ ወረወራቸው።

ከፊት ያለው ካያክ ቆመ። «ተመለስ» ሲል ተሰማ መሬት።

«ወንድሜ፣ ፈተና ላይ ነኝ እኮ!»

«ተመለስ አልኩህ!»

አሰልጣኙ ልጁ ጋ ሊሮጥ ከመቀመጫው ተነሣ። እግሮቹ አልነበሩም። በፊቱ ጭቃው ላይ ተደፋ። አንዱን እግር በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሌላ ሰው ሻንጣ ከጀልባዋ ጎትቶ ሲያወጣ፣ መሬት አናቱ ላይ ቆሞ ነበር።

ሰውየው አልሳቀም። ተንበርክኮ ባቱን ያሸው፣ ጉልበቱን ያጥፈው፣ ይዘረጋው ጀመር። «ቀስ ብለው፣ አሰልጣኝ። ደም ሲመለስ ያቃጥላል፤ አውቀዋለሁ» አለ። ቢስቅበት ይሻለው ነበር።

ልጅቷ ያበጠ የእጅ አንጓዋን ደረቷ ላይ ይዛ በቀጥታ ወደ መሪው ሄደች። በደህናው እጇ ሽቦውን ሳበች። ያለ ምንም ችግር ሄደ፣ ተመለሰ። ሌላኛውንም ሳበች። ከዚያ አንገቷን ወደ ኋላው መቀመጫ ቀዳዳ አስገብታ ፒኑ በአጭሯ ሴት ልክ እንደተሰካ አየች። ቀና ስትል አባቷን አየችው፤ ከጠዋት ጀምሮ ፊት ለፊት የተያዩት ያን ጊዜ ነው። አሰልጣኙ የሚይዘውን አጥቶ ጠጠሩን መነካካት ያዘ። ፊቱ ላይ ያለውን ጭቃ እንኳን አልጠረገም፤ እዚያው ቢቆይ ደስ ባለው።

መሬት የካያኳን ስንጥቅ በፕላስተር ሸፈነላቸው፣ የልጅቷን እጅ በጨርቅ አሰረ፣ ወንድሙን ይዞ ሄደ። ሲሄድም «ደህና ዋሉ» አለ።

«ከፊት ተቀመጥ» አለች ልጅቷ።

«እሺ።»

«እኔ በእጄ መቅዘፍ አልችልም፣ በእግሬ እመራለሁ። አንተ ቅዘፍ። ጉልበትህን እጠፍ። እንደሱ አይደለም፣ ወደ ውጭ ክፈተው። ፎጣውን ከጭንህ ሥር አድርግ።»

«እሺ።»

የራሱ ትምህርት ነበር፣ ቃል በቃል፤ ከኋላው ሲመጣ ግን እንደ አዲስ ሰማው። ቀዘፈ። ክንዱ እስኪዝል፣ መዳፉ እስኪላጥ ቀዘፈ። ደህና ዳርቻ ባገኘች ቁጥር «ውረድ» ትለዋለች፤ ወርዶ እየተንገዳገደ ይራመዳል፣ ባቱን ይወጥራል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ፏፏቴ በሚመስል ቁልቁለት አወረደችው፤ የወደቀ ዛፍ ሥር አጎንብሰው አለፉ፤ ሁሉንም በመሪው ብቻ፣ በእግሯ። እንዲህ አድርጋ ወንዝ ማንበብ እንደምትችል አባቷ አላወቀም ነበር። እሷን ከኋላ አስቀምጦ አንድም ቀን አላስመራትማ። ይህም በተራው ደረቱን ጎረበጠው።

ወደቡ ጋ ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ፈታኟ ሴትዮ ጃኬቶች ከተንጠለጠሉበት እርጥብ ክፍል ወጥታ እጇን ስንጥቁ ላይ አሳለፈች። ወንድማማቾቹ በሩ ሥር አግዳሚው ላይ ሻይ ይጠጣሉ።

«ይህን ምን ነካው?»

«ድንጋይ» አለች ልጅቷ። «ኃላፊዋ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መሬት ብርጭቆውን አየ። አሰልጣኙ ገባው፤ ይህ ሰው አይናገርም። ልጅቷም አትናገርም። ዝም ማለት ብቻ ይበቃው ነበር፤ ነገ መጋዘኑ ሲገባ ያው አሰልጣኝ ይሆናል።

«የእሷ አይደለም» አለ። «ፔዳሉን አስተካክል አለችኝ፣ ሰው ፊት ሰደብኳት። እንውረድ አለችኝ፣ አኮረፍኩ። እግሬ ከሐይቁ ጀምሮ ደንዝዞ ነበር። ስትጠይቀኝ አፈርኩና ዋሸሁ፤ እሷ የሠራችው ሽቦ ነው የያዘኝ አልኩ። ቀኝና ግራዬን ሳላውቅ ነው መሪ ይዤ የመጣሁት። እጇን የጎዳሁት እኔ ነኝ።»

ታናሽየው እንኳን ዓይኑን ሰበረ።

«ስለነገሩን እናመሰግናለን» አለች ፈታኟ። «ግን እዚህ ወንዝ ላይ ደንዝዞብኛል የማይል እንግዳ በየቀኑ ነው የሚመጣው። አባትም ይሁን ሚኒስትር፣ መሪውን የምትነጥቀው ኃላፊዋ ናት። ዘግይታ ነው የነጠቀችው።» ታናሽየውን በእጇ እያሳየች ወደ ልጅቷ ዞረች። «የዘንድሮው ቦታ የእሱ ነው። ከድንጋዩ በኋላ እጅሽ ታስሮ በእግርሽ እየመራሽ እንዳመጣሽው ዓይነት ግን አይቼ አላውቅም። ክረምቱ ሲያልፍ ሌላ ተሳፋሪ ይዘሽ ነይ።»

አሰልጣኙ እውነቱን ከተናገረ በኋላ ነገሩ የሚስተካከል መስሎት ነበር። አልተስተካከለም። ከልጁ ጋር ወደ ውሃው ዳር ሄደው የእንጨቱ መተላለፊያ ላይ ቆሙ።

«ቦታው አይደለም ያናደደኝ» አለች ልጅቷ፣ ወደ ውሃው እያየች። «ሽቦው ነው ስትለኝ አመንኩህ። ከአዞው እስከ ድንጋዩ ድረስ በልቤ ያንን ሽቦ ስፈታና ስገጥም ነበር። አባቴን ልገድለው ነበር እያልኩ።»

ምንም ቢል ለራሱ መሟገት ይሆንበታል፤ ስለዚህ አንገቱን ደፍቶ ሰማት።

ልጅቷ ዘወር ብላ ወደ አግዳሚው ሄደች። «ጋሼ» አለችው መሬትን፣ «ክረምቱ ሲያልፍ ተሳፋሪዬ ይሆናሉ?»

መሬት መጀመሪያ አሰልጣኙን፣ ከዚያ እሷን አየ። «እግሬ ቶሎ ነው የሚደነዝዘው፤ ብዙ አስወርድሻለሁ።»

«ለዚያ ነው የመረጥኩዎት።»

ወደ አባቷ ስትመለስ ያለቀሰ ዓይኑን አየች። «ቅር አለህ እንዴ?»

«ምን ቅር ይለኛል» የሚለው አፉ ላይ መጥቶ ነበር። መልሶ ዋጠው።

«አዎ» አለ አሰልጣኙ። «በጣም ቅር ብሎኛል። ልክ ነሽ ግን።»