ከዘይቱ በታች

ነገር ሳይፀነስ ፍጻሜውን የሚያይ አምላክ የዚህን ታሪክ መነሻና መድረሻ ያውቃል። እኛ የምናውቀው መካከሉን ብቻ ነው፤ እርሱም በ፲፱፻፹፭ ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ የሆነው ነው። ጊዜውን ለሰጠ፣ ለመናገርም ዕድሜ ለጨመረ ምስጋና ይድረሰው።

«ሙሉ ነው! ወላሂ ሙሉ ነው!»

መኪናዋን ሊገዙ የመጡት አቶ አብዱልገኒ ከሞተሯ የመዘዙትን ቀጭን የዘይት መለኪያ ዘንግ ወደ ብርሃን አንሥተው እንደ ጧፍ ያዙት። «ዐሥራ አምስት ዓመት ቆማ አንድ ጠብታ አልጎደለባትም። እንዲያውም ከምልክቱ አልፏል! እትዬ ፀሐይነሽ፣ ስንት መኪና አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።»

«ሚካኤል ጠብቆልኝ ነው» አሉ ወይዘሮ ፀሐይነሽ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው አስጠግተው።

ልጃቸው ሰብሊ ጋራዡ በር ላይ ቆማ ነበር። ከዘንጉ ጫፍ፣ ከጥቁሩ ዘይት በታች፣ አንዲት ቀላ ያለች ስስ ጠብታ ተንጠልጥላ አየች። አቶ አብዱልገኒ ሳያስተውሏት በመሐረባቸው ጠረጓት።

መኪናዋ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ የጣሊያን ሥሪት አልፋ ነበረች። የሰብሊ አባት አቶ ገብረየስ የገዟት ንጉሡ ሳይወርዱ ነው። በ፲፱፻፸ ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ሲያልቅ፣ አንድ ማለዳ ሰዎች መጥተው «ለአምስት ደቂቃ ይፈለጋሉ» አሏቸው። የመኪናዋ ቁልፍ በኪሳቸው እንዳለ በእግራቸው ወጡ። ከአጥሩ በር ሲደርሱ ዞር ብለው ለነፍሰ ጡር ባለቤታቸው «መኪናዋን አደራ» አሉ። ያቺ አምስት ደቂቃ እስከዚህ ቀን አላለቀችም።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ስለ መኪና የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባለቤታቸው አንድ ክዳን ከፍተው ሲያጠጧት ማየታቸውን። ስለዚህ በየዓመቱ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ቀን ከየካ ሚካኤል ፀበል ቀድተው ይመጡና፣ ሸራዋን ገልጠው፣ ጸሎት አድርሰው፣ በዚያ አፍ አንድ ትንሽ ጣሳ ያፈሱባት ነበር። ጌታዋ እስኪመለስ በሕይወት እንድትቆይ። ሰብሊ ሰባት ዓመት ከሞላት ወዲህ ክዳኑን መክፈት የእርሷ ሥራ ሆነ። አባቷን የምታውቀው በፎቶግራፍና በዚያ ክዳን ቅዝቃዜ ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ሳለች የሳይንስ መምህሯ ጋሽ ላጲሶ በብርጭቆ ዘይትና ውኃ ጨምረው ለተማሪዎች አሳዩ። ውኃው ሰመጠ፣ ዘይቱ ተንሳፈፈ። ሰብሊ እጇን አወጣችና «ውኃው የተቀመጠው ብረት ውስጥ ቢሆንስ?» አለች።

«ይበላዋል» አሉ መምህሩ። «ቀስ እያለ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይበላዋል።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ኅዳር አለፈ። በሁለቱም ክዳኑን የከፈተችው እርሷ ናት። እናቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ እያየች በየትኛው አፏ ትናገር?

«አንቺ! ምን ሆነሽ ነው እንደ ፋራ የምትፈዢው?» ሪሀና ጎኗን ጎሸመቻት። የአቶ አብዱልገኒ ልጅ ሪሀና ዘጠነኛ ክፍል ከሰብሊ ጋር በአንድ ዴስክ ትቀመጣለች። ስለ መኪናዋ ለአባቷ የነገረችውም እርሷ ናት። «አስቢያት እስቲ! ጣሪያዋ ተከፍቶ፣ አበባ ተደርጎላት፣ ሙሽራ ይዛ ሃያ ሁለት ማዞሪያን ስትዞር። ሊከራያት ነፍ ሙሽራ ነው የሚሰለፍልን!»

«አባትሽ ሞተሩን ሳያስነሣ ነው እንዴ የሚገዛው?»

«በምን ያስነሣው? ቁልፍ የለ። ቁልፍ ሠሪው ሰኞ ነው የሚመጣው፤ እናትሽ ደግሞ ሰኞ ጠዋት የወንድምሽን የመሐሪን የአውሮፕላን ቲኬት መክፈል አለባቸው። ዘይቷ ሙሉ ከሆነ ሞተሯ ጤነኛ ነው አለ። አባዬ እኮ ይህቺን መኪና ሲያይ ዓይኑ አይሠራም! ልጅ ሆኖ በደሴ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ሳለ፣ ጣርማ በር ላይ እንዲህ ያለች ቀይ መኪና አልፋቸው ሄደች። ይኸው እስከ ዛሬ ያወራላታል።» ከዚያ ሪሀና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለማንም እንዳትናገሪ። ትናንት ታክሲያችንን ሸጣት።»

«በላምበረት መስመር የሚሠራባትን?»

«እሷኑ። ሌላ ምን አለን? እማዬ ቁርስ እንኳን አልቀመሰችም።»

ሰብሊ ዞር ብላ አቶ አብዱልገኒን አየቻቸው። በዚህ ጊዜ መሐሪ ከበረንዳው ጠራት።

ታላቅ ወንድሟ መሐሪ ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። የልቡ አንደኛው መዝጊያ ተበላሽቶ ጋደም ካለ ትንፋሽ ስለሚያጥረው በሦስት ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ያድራል። የሐኪሞች ቦርድ ወደ ውጭ ይሂድ ብሎ ጽፎለታል። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የቀዶ ሕክምናውን ወጪ ሊችል ተስማምቷል፤ ጉዞው ግን የቤተሰቡ ነው። ቀጠሮው የካቲት ሃያ ነበር። ከዚያ ካለፈ ሐኪሙ ሌላ ቀን አልጠቀሱም። በቤቱም ከመኪናዋ በቀር የሚሸጥ ነገር አልቀረም።

መሐሪ የአባቱን ካፖርት ደርቦ ነበር። እጅጌው ጣቶቹን ይሸፍናል።

«እንዴት ነው?» አለ፣ በየሁለት ቃሉ እያረፈ። «እዚያ... በረዶ ነው... ይላሉ።»

«ያምርብሃል። ጡረታ የወጣ ጄኔራል ትመስላለህ።»

ሳቀና ሳሉ ያዘው። ሲመለስለት «ስመጣ... እስከ ማዞሪያው... ሩጫ እገጥምሻለሁ» አላት።

«ትሸነፋለህ።»

«ምን ሆነሻል? ልብሽ... እዚህ አይደለም።»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ግን ምን ትለዋለች? ዝም ልበልና ተንፈስ፣ ወይስ ልናገርና ከጉዞህ ቅር? ይህን ጥያቄ በእርሱ ጉልበት ላይ ማስቀመጥ አልቻለችም።

«ምንም» አለችና ወደ ቤቱ ጀርባ ሄዳ ከግንቡ ጋር ተጣብቃ ቆመች። አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ አለች በልቧ፣ ዝም ካልኩ ወንድሜ ይድናል። ይኼ ብቻ አይበቃም?

ሰኞ ቁልፍ ሠሪው ሲመጣ፣ ሞተሩ አልዞር ሲል፣ አቶ አብዱልገኒ ታክሲያቸውን አጥተው እዚያች ቀይ መኪና አጠገብ ሲቆሙ ታያት። ከሪሀና ጎን ዴስኩ ላይ ስትቀመጥም ታያት። ይህንንም እችለዋለሁ፣ አለች ለራሷ። ያስፈራትም መቻሏ ነበር፤ ሁለት ዓመት ለምዳዋለችና።

ስትመለስ ለምስክርነት የተጠሩት ሁለት የሠፈር ሽማግሌዎች ደርሰዋል። የውሉ ወረቀት በመኪናዋ ኮፈን ላይ ተዘርግቷል። አቶ አብዱልገኒ እስክሪብቶውን ይዘው ቀና አሉ።

«እትዬ ፀሐይነሽ፣ እኔ እስላም ነኝ፣ እርስዎ ክርስቲያን ነዎት፤ የምንፈራው ፈጣሪ ግን አንድ ነው። እንዲያው ለወጉ ልጠይቅዎት፤ መኪናዋ እኔ የማላውቀው ጉድለት አላት?»

«እኔ የማውቀው የለም» አሉ ወይዘሮ ፀሐይነሽ፣ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው። «ሚካኤል ምስክሬ ነው።»

ሰብሊ የእናቷን የተነሣ እጅ አየች። ጣቶቻቸው ቀጭን ነበሩ። በእውነት ነበር የሚምሉት፤ ሐሰቱ የእርሷ ነበር፣ በእናቷ አፍ የተቀመጠ።

ወደ ኩሽና ሄደች። ሰፊውን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዛ ተመለሰችና ከመኪናዋ ሆድ ሥር አንሸራተተችው። ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ጋሽ አብዱልገኒ፣ ሳይፈርሙ ከታች ያለውን የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ይፍቱት።»

«ለምን ልጄ?»

«ዘይቱ ሙሉ አይደለም። ከሥሩ ውኃ ነው።»

«ሰብሊ!» አሉ እናቷ። «ምን ነካሽ? የምን ውኃ?»

«ፀበሉ ነው እማዬ። የየዓመቱ። ዘይት ውስጥ አይገባም ነበር፤ ብረቱን በልቶታል።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን አላቆመችም። «አንቺ አላወቅሽም። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አውቅ ነበር። ስትጸልዪ ላቋርጥሽ አቅቶኝ ክዳኑን ከፈትኩልሽ።»

ሪሀና እጇን በአፏ ላይ ጫነች። በረንዳው ላይ መሐሪ ምሰሶውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ካፖርቱ እስከ ጉልበቱ ተንዠርግጓል። እናቷን ቀና ብላ ለማየት ሰብሊ አልደፈረችም።

አቶ አብዱልገኒ እስክሪብቶውን ቀስ ብለው ኮፈኑ ላይ አኖሩ። ኮታቸውን አወለቁ። ካርቶን አንጥፈው በጀርባቸው ከመኪናዋ ሥር ገቡ፤ መፍቻቸውም ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ። በሦስተኛው ብሎኑ ጮኸ።

መጀመሪያ የወረደው ዘይት አልነበረም። የዝገት ቀለም የያዘ ውኃ ነበር። ወረደ፣ ወረደ፤ ዐሥራ አምስት ኅዳር ወረደ። ጥቁሩ ዘይት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ያ አላህ» አሉ አቶ አብዱልገኒ ከሥር። በኋላም «ሳፋውን ያዢው ልጄ፤ ሊፈስ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ደክሟል፣ ቁጣ ግን አልነበረበትም።

ሰብሊ ተንበርክካ ሳፋውን ሳበችው። ከብዷት ዘመመና ጠርዙ ላይ ጥቂት ፈሰሰ። ወዲያው ቀለል አላት። ከማዶ ሁለት ቀጫጭን እጆች ሌላውን ጠርዝ ይዘዋል። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ነጠላቸው መሬት ላይ እየተጎተተ ከልጃቸው ፊት ተንበርክከው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ የመሐሪንም የካቲት ሃያ፣ መድረሻውን የሚያውቅ እርሱ ያውቀዋል። እናንተ ይህን ያነበባችሁ ልጆች፣ ከቤታችሁ የወጣ ሁሉ በሰላም ይመለስላችሁ። ከመካከላችሁ ተቀምጦ የሚያድር ሕመምተኛ አይኑር፤ ሁሉም ጋደም ብሎ፣ ትንፋሹ ሳያጥረው ይንጋለት። ከባድ ሳፋ ስታነሡም ከማዶ የሚይዝላችሁ እጅ አይታጣ። አሜን።