መሰላሉና ጡጦው

ሞግዚቷ በጓሮው ሲሚንቶ ላይ በጎኗ ወድቃ ሞታለች። አንድ ጫማዋ አጥሩ ሥር ነው። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቿን መዳፎች ገልበጥ አደረገች፤ ሁለቱም በዝገት ቀልተዋል። ቀና ስትል ከጣሪያው የሚወርደው የአሸንዳ ቧንቧ መሃሉ ላይ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል።

«ጣሪያ ላይ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ አዳልጧት ነው» አለ የቤቱ አባወራ፣ የጥርስ ሐኪሙ። ነጭ ጋዋኑን አላወለቀም። «ክሊኒኬ ከአጥሩ ጀርባ ነው። ወንድሜ ቀለም ማቅጠኛ ቤንዚን ሊወስድ ወደ ጓሮ ሲዞር አገኛትና እናቴ ደወለችልኝ። የወጣችበት መሰላልም የእሱ ነው፤ እንደ ነገሩ ነው የሚያቆመው።»

መርማሪዋ በጓሮው ደረጃ ወደ ፎቁ በረንዳ ወጣች። ወደ ጣሪያው የሚያደርሰው የእንጨት መሰላል እዚያ ቆሟል። ገና ስትረግጠው ተንሸራተተባት። ወርዳ ግርጌውን አየች፤ ከዚያም አናቱን አየች። አብሯት የመጣውን ፖሊስ አስይዛ ወጣች። ጣሪያው ላይ የተሰጣ ልብስ ቀርቶ ገመድ እንኳ የለም። የተነጠፈ አንሶላ፣ የሕፃን ኮፍያና የፕላስቲክ ዳክዬ አገኘች።

የሐኪሙ የሁለት ዓመት ልጅ መኝታ ቤት ውስጥ ተኝቷል። እግሮቹ ከጉልበት በታች ወደ ውጭ ጎብጠዋል። አፉ ገርበብ ብሏል፤ የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ጠቁረው ተሸርፈዋል፤ የታችኞቹ ነጭ ናቸው። መርማሪዋ ጡጦውን ከትራሱ አንስታ ከወተቱ በጣቷ ቀመሰች። ማር አለበት። የጡጦውን ጫፍ ወደ መስኮቱ ይዛ ቀዳዳውን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተች።

የሐኪሙ እናት፣ የልጁ አያት፣ ሳሎን ውስጥ ከወንበራቸው አልተነሡም።

«እማማ፣ ልጁን ማን አስተኛው?»

«እሷ ትሆናለቻ! ከምሳ በኋላ ሸለብ አደረገኝ። ስነቃ በበሩ ሳየው ጡጦውን ይዞ ተኝቷል።»

«እግሩ ምን ሆኖ ነው?»

«ፀሐይ አነሰው አሉ፤ ቫይታሚን ዲ ነው የሚሉት? ጠብታም ታዞለት ነበር። ብርድ ይመታብኛል እያልኩ ስሸፋፍነው የኖርኩ እኔ ነኝ። ጥርሱንም የጎዳው የፀሐይ እጦቱ ነው ይላል ሐኪሙ ልጄ። ያቺ ምስኪን ናት አዝላው ፀሐይ የምታወጣው።» ድምፃቸው ወረደ። «ልጄ፣ አንቺን ምን እደብቅሻለሁ፤ ስትጣራ ሰምቻታለሁ።»

«መቼ?»

«ልጁ ከተኛ በኋላ። ‹እማማ! እማማ!› ትላለች። ልትቀሰቅሰው ነው ብዬ ተናደድኩና አፌን ዘጋሁ።»

የሐኪሙ ታናሽ ወንድም ቀለም ቀቢ ነው። የፊት ለፊቱን በር ሰማያዊ እየቀባ ነበር፤ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ሆኗል። አንድ ፖሊስ ካጠገቡ አልተለየም።

«ጠዋት ከሟቿ ጋር ተጣልተሃል አሉ» አለችው መርማሪዋ።

«ሳታስፈቅደኝ መሰላሌን ነካች ብዬ ጮህኩባት። ለልጁ ነው ስትለኝ ደግሞ ቀለሙን ሳልጀምር ራሴው በረንዳው ላይ አቆምኩላት።» ብሩሹን ቆርቆሮው ላይ ወረወረ። «ምነው እጄን በቆረጠው! ወንድሜ ምን አለዎት?»

«እንደ ነገሩ ነው የሚያቆመው አለኝ።»

«ጥርስ መንቀል ሥራው ነው፤ ዛሬ ደግሞ የመነቀሉ ተራ የኔ ሆነ።»

የልጁ እናት ከልብስ ስፌት ፋብሪካ ተጠርታ መጣች። ከእኩለ ቀን ገብታ እኩለ ሌሊት ነው የምትወጣው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ሳትጠየቅ። «ለዘጠኝ ሰዓት ሌላ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዤለት ነበር። ባሌ ጥርሱን ላየው ነገ ዛሬ ሲለኝ፣ ለእሱ ሳትነግሪ ልጁን ውሰጂው አልኳት ሞግዚቷን።»

ፖሊሱ ቀለም ቀቢውን ሊወስደው ሲነሣ መርማሪዋ አስቆመችው። ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ ጡጦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«መሰላል ያለው ሰው በዛገ ቧንቧ አይወርድም» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ እሷ ላይ ሳለች መሰላሉ አልነበረም። አሁን ግን አለ፤ አንድ ሰው ወስዶ መልሶታል ማለት ነው። እማማ፣ ስትጣራ ልጁ ታች ተኝቶ ነበር አሉኝ። ኮፍያው ግን ጣሪያ ላይ ቀርቷል፤ እሷም የተጣራችው ከዚያው ነው። ልጁን ከእሷ ተቀብሎ ያወረደና ያስተኛ ሌላ ሰው ነው።»

«እኔ በዚህ ጉልበቴ...»

«እርስዎ አይደሉም። እናቱም ፋብሪካ ነበረች።»

ሁሉም ወደ ቀለም ቀቢው ዞሩ።

«እሱ የነካው ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል፤ መሰላሉና ጡጦው ግን ንጹሕ ናቸው። ደግሞስ፣ የመሰላልህ ጎማ የት ነው ያለው?»

«እግሩ ሥር ነዋ! እንዳይንሸራተት።»

«አሁን አናቱ ላይ ነው። የመለሰው ሰው ገልብጦታል። የመሰላል ባለሙያ፣ ያውም ባለቤቱ፣ ቢጣደፍ እንኳ እንዲህ አይሳሳትም።» ጡጦውን አነሣች። «በማር የወፈረ ወተት በተራ ቀዳዳ አያልፍም። ይሄኛው ሰፍቷል፤ መርፌ እንደ ቀደደው ግን አልተቦጨቀም። ጠርዙ ልስልስ፣ ክቡ ፍጹም ነው። ዶክተር፣ በጥርስ መቦርቦሪያዎ ነው የሠሩት?»

ሐኪሙ እጁን ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተ።

«ማታ ማታ የማስተኛው እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ላይ ተደፍቼ እውላለሁ፤ እሱ ደግሞ ሌሊቱን ያለቅሳል። በማር ዝም ይላል። ሁሉንም በፀሐይ እጦት አሳበብኩ። ፀሐይ ማጣቱ ጥርሱን ማዳከሙ ውሸት አይደለም፤ ግን ሐኪም አፉን ከፍቶ ቢያይ ጡጦ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። የታችኞቹን ምላስ ይሸፍናቸዋል፤ የላይኞቹ ማር ውስጥ ያድራሉ። ይህን ለስንቷ እናት ተቆጥቼ ተናግሬዋለሁ!»

«ለምሳ ሲመጡ ቀጠሮውን ሰሙ።»

«ጣሪያ ላይ ስንጨቃጨቅ ነገረችኝ። ልጁን ተቀበልኳት፤ አስተኛሁት። መሰላሉን ያነሣሁት ሰዓቱ እስኪያልፍ ብቻ ብዬ ነው። ልመልሰው ስመጣ... ጓሮው ውስጥ ነበረች።»

«ትተነፍስ ነበር?»

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ።

«ዶክተር፣ ትተነፍስ ነበር ወይ?»

«መጀመሪያ መሰላሉን መለስኩ» አለ።

እናትየው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ቀለም ቀቢው ወንድሙን ሊያየው ሞክሮ አቃተው።

ከመኝታ ቤት የልጁ ለቅሶ ተሰማ። የአያትየው እጅ እንደ ልማዱ ወደ ጡጦው ተዘረጋና አየር ላይ ቀረ።

«ውሃ ስጡት» አለ አባትየው አንገቱን እንደ ደፋ።

እናትየው ልጁን አቅፋ አመጣችው። ከብርጭቆው ጥቂት ጠጣ፤ ዙሪያውን ቃኘ፤ የሚፈልጋትን ሲያጣ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ። ቀና ብሎ ሊያይለት የደፈረ አልነበረም።