የአምስት ዓመቷ ተከሳሽ

ዶክተር ተስፋሚካኤል በጀርባቸው ተንጋለው፣ ደረታቸው ላይ ረጅም የእንጨት መደርደሪያ ተጭኗቸው፣ በተበተኑ ኳሶችና የሥዕል ካርዶች መሐል ሞተው ተገኙ። ዕድሜያቸውን የሕፃናትን ባህሪ ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ነበሩ። ኢንስፔክተር ነጅላ ከአቃቂ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው የኦቲዝም ማዕከል ስትደርስ፣ ጥፋተኛው አስቀድሞ ተወስኖ ጠበቃት።

«ወንጀል እንኳ አይባልም» አለ የማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ ፍቅሩ፣ በሩን በትከሻው ሸፍኖ። «ሩት የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ናት። ኦቲዝም አለባት። መደርደሪያው ላይ ተንጠላጥላ ጣለችባቸው። አደጋ ነው። እናንተን የጠራናችሁ ለደንቡ ያህል ነው።»

«ለደንቡ ያህል ከበሩ ዞር ይበሉልኝ» አለች ነጅላ።

የወሎ ሾፌር ልጅ ናት፤ ያደገችውም ቃሊቲ ነው። መንገድ ሲዘጋባት ጥሩምባ መንፋት እንጂ መለማመጥ አልለመደባትም። ፍቅሩ ዞር አለላት፤ ዓይኑን ግን ከጀርባዋ ላይ አላነሳም።

የሥልጠና ክፍሉ ጠባብ ነው። ብርሃን ሕፃናቱን ስለሚረብሽ መስኮቱ በጣውላ ተደፍኗል፤ ክፍሉን የሚያበራው የጣሪያው አምፖል ብቻ ነው። ሳጅን ጀቤሳና አንድ ፖሊስ መደርደሪያውን ሲያነሱ ነጅላ ተንበርክካ አስከሬኑን መረመረች። ፊታቸው ላይ ጭረት እንኳ የለም። የራስ ቅላቸው የተሰበረው ከኋላ ነው።

«ሲወድቁ ወለሉ መትቷቸው ይሆናል» አለ ጀቤሳ።

ነጅላ በእጇ ወለሉን ተጫነችው። ልጆች ቢወድቁ እንዳይጎዱ የተነጠፈው ወፍራም ስፖንጅ እጇን ዋጠው። ተነሳች። ጥግ ላይ አንዲት የሕፃን ወንበር አለች፤ የሁለቱም ክንዶቿ ቀለም የእጅ አንጓ በሚያርፍበት ቦታ ላይ እየታሸ ተልጧል። ከወንበሯ ጀርባ የተፈታ የዥዋዥዌ ብረት ተደግፏል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ የልጆች ጣት አሻራና አቧራ አለበት። ብረቱ ግን ንጹሕ ነው፤ በረኪና በረኪና ይሸታል።

ግድግዳው ላይ ትልቅ መስታወት ተገጥሟል። ከሥልጠና ክፍሉ ለሚያየው ተራ መስታወት ነው፤ ከወዲያ ካለው የመከታተያ ክፍል ለሚያየው ግን እንደ መስኮት ያሳልፋል። ባለሙያዎችና ወላጆች ልጁን ሳይረብሹ የሚያዩት ከዚያ ነው።

የባህሪ ሕክምናውን የምትመራው እድላዊት ነጅላን የተቀበለቻት እዚያው የመከታተያ ክፍል ውስጥ ነበር። ጣሪያው ላይ ካለች ብጣሽ መስታወት ከሚገባው የቀን ብርሃን በቀር ክፍሉ ደብዛዛ ነው። እድላዊት ለብሳ የተሰናዳች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ከመስታወቱ ወዲያ፣ በበራው ክፍል ውስጥ፣ ሳጅን ጀቤሳ የሚያየው ሰው ያለ ሳይመስለው ቀበቶውን ያስተካክላል።

«ከዚህ ቦታ ሆኜ ነው ያየሁት» አለች እድላዊት። «ዶክተሩ ሩትን እንደገና እየመዘኑ ነበር። ውጤቱን ዛሬ ለወላጆቿ ሊነግሩ ቀጥረዋቸዋል። ድንገት ልጅቷ ጮኸች። ቀና ስል መደርደሪያው ላይ ተንጠልጥላለች፤ እሳቸው ከፊቱ ቁጭ ብለዋል። ሮጬ ሳልደርስ ወደቀባቸው።»

«ጩኸቱ እዚህ ድረስ ይሰማዎታል?»

ይህን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ ካለው ብረት ቤት የብረት መቁረጫ አንባረቀ፤ እድላዊት ፊቷን አጨማደደች።

«ይሄ ጎረቤታችን እያለ ምን ይሰማል! እንደ ዕድል ሆኖ ያን ጊዜ ጸጥ ብለው ነበር። ለዚህ ነው ጥርት ብሎ የተሰማኝ።»

«ልጅቷ ከዚህ በፊት ሰው ጎድታ ታውቃለች?»

«እነዚህ ልጆች መቼ ምን እንደሚያደርጉ አይታወቅም፣ ኢንስፔክተር። እርስዎ አብረዋቸው ስላልዋሉ ነው።»

ነጅላ አመስግናት ወጣች።

የሩት አባት ቀናው የእንግዳ መቀበያው መሐል ቆሟል፤ የተሳቢ መኪና ሾፌር ነው። ሚስቱ ብዙወርቅ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ሩት ከጠረጴዛ ሥር ገብታ ጆሮዎቿን በሁለት እጆቿ ደፍናለች።

«ዶክተሩን እገድልሃለሁ ብዬዋለሁ» አለ ቀናው ነጅላ ሳትጠይቀው። «በሰው ፊት ነው ያልኩት። ጻፊው። ግን እኔ ነኝ ያልኩት፣ ልጄ አይደለችም!»

«ለምን አሉት?»

«ልጄ ምንም የለባትም። እሱ ነው ስም የለጠፈባት። አሁን ደግሞ እጇን እይው!»

ብዙወርቅ ወደ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ የልጇን እጅጌ በቀስታ ሰበሰበችው። በሁለቱም አንጓዎቿ ዙሪያ የጨርቅ ማሰሪያ ያሰመረው የቀላ መስመር አለ።

«ለዶክተሩ ነግረዋቸው ነበር?»

«ሄጄ አፋጠጥኩት። እኔ አይደለሁም፣ ጥቂት ቀን ስጠኝና በዓይኔ ልይ አለ። ምን ያያል? የገዛ እጁን?»

«ሩት ስትጮህ የት ነበራችሁ?»

«ውጭ በር ላይ። ያ ጥበቃ ቀጠሯችሁ ገና ነው ብሎ አላስገባም አለን። አንገቱን ይዤው ነበር። ጠይቂው!»

ጥበቃው ተጠየቀ፤ ሸሚዙ ተቀዷል፤ ባልና ሚስቱ ከእጁ አልወጡም ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች ብዙወርቅ። «ሩት የትም አትወጣም። እግሯ መሬት ከለቀቀ ትንፋሿ ይቆረጣል። አልጋዋ ላይ እንኳ ተሸክሜ ነው የማወጣት። ለሁሉም ነገርኳቸው፤ እናት ስለሆነች ነው እያሉ ሳቁብኝ።»

«ለእድላዊትም ነግረሻቸዋል?»

«እሷ እንኳ ደግ ሰው ናት። ልጄን ሰው ያደረገችልኝ እሷ ናት። አሁን ቁጭ በይ ስትባል ቁጭ ትላለች። አትጮህም። እግሯን ብስም አይቆጨኝም።»

ነጅላ የልጅቷን እጅ አንድ ጊዜ አይታ ፊቷን አዞረች።

ፍቅሩን ያገኘችው ኮሪደሩ ላይ ነው። መዳፎቹ በግራሶ ጠቁረዋል።

«ጩኸቱ ሲሰማ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ጓሮ፣ ጀነሬተሩ ጋ። ገመዱን ብስበው ብስበው አልነሳም ብሎኝ ስታገል ልጅቷ ስትጮህ ሰማሁ። ቆይቶ ደግሞ ልተወው ስል መጣ።»

«ምኑ?»

«መብራቱ ነዋ!» ብሎ አንባረቀባት። «ቀኑን ሙሉ ስታደርቁን ልትውሉ ነው? ማዕከሉን ልታዘጉት ነው የመጣችሁት? ልጅቷን ማንም አያስራት፤ ጻፉና ሂዱ!»

ነጅላ አልተቆጣችም። «ሁሉንም የመከታተያ ክፍሉ ውስጥ ሰብስብልኝ» አለችው ጀቤሳን። «አንተ የሥልጠና ክፍሉ መብራት ማጥፊያ ጋ ቁም።»

ክፍሉ ለሁሉም ጠበበ። ቀናው ፍቅሩን በክርኑ ገፋው፤ ፍቅሩ ተሳደበ። ብዙወርቅ ሩትን አንዲት ሴት ፖሊስ ዘንድ ትታ መጥታ ከእድላዊት አጠገብ ቆመች፤ ልታጽናናትም እጇን ያዘች።

«ዶክተሩን መደርደሪያ አልገደላቸውም» ብላ ጀመረች ነጅላ። «ከፊታቸው የወደቀ ዕቃ ከኋላቸው አይሰብራቸውም። ወለሉም ስፖንጅ ነው። ከኋላ ሆኖ በብረት የመታቸው ሰው አለ፤ ብረቱን በበረኪና ወልውሎታል። መደርደሪያው የተጎተተባቸው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ከፊቱ ቁጭ ብለው ነበር የተባለውስ?» አለ ፍቅሩ።

«ወደዚያው ልመጣ ነው። እድላዊት ጩኸቱ ጥርት ብሎ የተሰማቸው ብረት ቤቱ ጸጥ ስላለ እንደሆነ ነገሩኝ። ለምን ጸጥ አለ? እርስዎስ ያን ጊዜ ከጀነሬተር ጋር ምን ያታግልዎት ነበር?»

«መብራት ጠፍቶ ነዋ…» አለና ፍቅሩ ቃሉን ሳይጨርስ አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ጀቤሳ፣ አጥፋው!»

የወዲያኛው ክፍል አምፖል ጠፋ። ወንበሯም፣ ኳሶቹም፣ የተሸፈነው አስከሬንም ከዓይናቸው ተሰወሩ። በምትኩ መስታወቱ ላይ የራሳቸውን ፊት አዩ፤ የቀናውን የተቋጠረ ግንባር፣ የፍቅሩን ክፍት አፍ፣ የእድላዊትን የገረጣ ጉንጭ።

«ይህ መስታወት የሚያሳየው የበራውን ወገን ነው» አለች ነጅላ። «መብራት ከጠፋ እዚህ የቆመ ሰው ከራሱ ፊት በቀር የሚያየው የለም። ሩት ስትጮህ ደግሞ መብራት አልነበረም። እድላዊት፣ ከዚህ ቆመሽ አየሁ ያልሽውን ልታዪው አትችዪም ነበር።»

እድላዊትን እስካሁን «እርስዎ» ስትላት ነበር። ለውጡን ሁሉም ሰሙት።

«ግራ ተጋብቼ ሊሆን ይችላል። ኮሪደር ላይ…»

«ኮሪደር ላይ ሆነሽ ሩት መደርደሪያ ላይ ስትንጠለጠል አታዪም። እግሯ መሬት ከለቀቀ ትንፋሿ የሚቆረጥ ልጅ ናት። ከልጅቷ የምታውቂው እጇን ብቻ ነው።»

ብዙወርቅ የእድላዊትን እጅ ለቀቀች።

«አባትየው የልጁን እጅ ለዶክተሩ አሳያቸው። እሳቸውም በዓይኔ ልይ አሉ። የሚታየው ከዚህ ክፍል ነው። እዚህ ቁጭ ብለው ሩትን ከዚያች ወንበር ጋር ስታስሪያት አዩ፤ የወንበሯ ክንዶች የተላጡት በማሰሪያሽ ነው። ወላጆቹንም ለዛሬ ቀጠሩ። ከዚያ በፊት ግን ፊት ለፊት ሊነግሩሽ ሩትን ወደሚመዝኑበት ሥልጠና ክፍል ጠሩሽ። እየተነጋገራችሁ መብራቱ ጠፋ። ጀቤሳ፣ አሁን ከወዲያ ሆነህ ምን ታያለህ?»

የጀቤሳ ድምፅ ታፍኖ መጣ። «ሁላችሁንም፣ ኢንስፔክተር። በጣሪያው ብርሃን ቁልጭ ብላችሁ ትታያላችሁ።»

«መስታወቱ ተገለበጠልሽ» አለች ነጅላ። «ከኋላው ማንም እንደሌለ አየሽ። ከዚያች የጣሪያ ብጣሽ የሚያልፈው ብርሃንም ጀርባቸውን ለማየት በቃሽ።»

እድላዊት ስትናገር ድምጿ አሁንም ከፍ አላለም።

«ሥራዬን ወንጀል ነው አሉኝ። ጭካኔ ነው አሉኝ። እናንተ ምን ብላችሁ ነው የምታመጧቸው? ‹አትጩህብኝ፣ ቁጭ ትበል፣ ሰው ፊት አታሳፍረኝ።›» ወደ ብዙወርቅ ዞረች። «ዝም አሰኚልኝ አላልሽኝም? ዝም አሰኘሁልሽ። እንዴት ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ብዙወርቅ በጥፊ መታቻት። ቀናው ሊይዛት ሲል እሱንም ገፈተረችው። ጀቤሳ ካቴናውን ይዞ ገባ።

ግቢው ሲበርድ ቀናው ነጅላን ተከትሎ ወጣ። ቁጣው አልወጣለትም፤ የሚጥልበት ሰው ነው ያጣው።

«ጥበቃው መጀመሪያ በሩ ላይ ሲያስቆመኝ ሽማግሌው ዶክተር ከቢሮው መስኮት ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር» አለ። «ተፋሁበት። ዛሬ ሊነግረን የነበረው ይሄንኑ ነው?»

«አዎ።»

«ማባበያ ቃል የለሽም አንቺ?»

«የለኝም።»

ጭንቅላቱን ነቀነቀና ሚስቱና ልጁ ወዳሉበት ሄደ። ሩት ከጠረጴዛው ሥር ወጥታለች። መኪናው የቆመው ከአስፋልቱ ማዶ ነው፤ መንገዱ ደግሞ በሲኖትራክና በተሳቢ ተጨናንቋል። ቀናው ሊያሻግራት እጇን ሲይዝ ልጅቷ አንጓዋን መንጭቃ ደረቷ ላይ ደበቀችው።

«እጇን አትንካ» አለች ብዙወርቅ። «ከጎኗ ሂድ።»

«በዚህ መንገድ? እጇን ሳልይዝ?»

ነጅላ ሰማቻቸው። አስፋልቱ መሐል ገብታ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። የፊተኛው ሲኖትራክ ፍሬኑን ሲጢጥ አድርጎ ቆመ፤ ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ ሰደባት። ከኋላ ያሉት ጥሩምባ ሊነፉ ሲሉ ጀቤሳ እየሮጠ በየመስኮቱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ጸጥ አሰኛቸው።

ሩት ጆሮዎቿን ደፍና፣ በአባቷና በእናቷ መሐል፣ ማንም ሳይነካት ተሻገረች።