የሦስተኛ ፎቁ ኢንተርኔት ሌባ

ታችኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ናት የነገረችኝ። እሷ ደግሞ ደረጃ ስትወጣ ጆሮዋን በር ላይ ለጥፋ ነው የሰማችው።

"የልብስ ሰፊዋን ቤት ሌባ ገባው!" አለችኝ።

"ምን ወሰደ?"

"ኢንተርኔቱን!"

ኢንተርኔት በምን ከረጢት ተይዞ እንደሚወጣ እኔ አላውቅም። ግን ወሬ ወሬ ነው፣ ቁጭ ብዬ ሰማኋት።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ በነርስነት ተመርቃ ሁለት ዓመት ቤት ቁጭ ብላለች። ስንት ደጅ ጠንታ፣ ስንት ማመልከቻ ጽፋ፣ በመጨረሻ አንድ ሆስፒታል በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ሊያደርግላት ቀጠሮ ሰጣት። ዛሬ ስምንት ሰዓት። መስመሩ ከተቋረጠ ቀጣዩን ሰው እንጠራለን ብለዋታል። ምሕረት የለም።

ጠዋት ሳሎን ሆና ልሞክረው ብላ አክስቷ ጋ በቪዲዮ ደወለች። አክስት አፏን እንደከፈተች ደረቀች። ድምፁ ተቆራረጠ። ያቺ ክብ ነገር ስክሪኑ ላይ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ትዞራለች።

"እማዬ! ኢንተርኔቱ ሞተ!"

እናት ከስፌት መኪናዋ ላይ ብድግ አለች። "ትናንት ደህና አልነበር እንዴ?"

"ትናንትማ ይበር ነበር! እስኪ የሳጥኑ መብራት በርቶ እንደሆነ እዪልኝ።"

የኢንተርኔቱ ሳጥን ያለው እናት መኝታ ቤት ነው። መኝታ ቤቱ ደግሞ ከትናንት ወዲህ ተቆልፏል። ቃለ መጠይቁ እዚያ ነዋ! ግድግዳው ነጭ ነው፣ ጫጫታም የለበት። እናት ወልውላ፣ አንጥፋ፣ "ስምንት ሰዓት ሳይደርስ ድርሽ የሚል የለም" ብላ ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ከታዋለች።

ብቻዋን ገብታ አይታ ወጣች። "በርቷል። ሦስቱም መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል።"

"አጥፍተሽ አብሪው።"

ገባች። አጠፋች፣ አበራች። ወይ ፍንክች!

"እንግዲያው ሰው እየሰረቀን ነው" አለች እናት።

መርማሪ ተጠራ። አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ሃምሳ አለቃ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ፖሊስ ሆኖ ሰው ሲያስር ኖሮ ጡረታ የወጣ። አሁን የሚያስረው ቢያጣ የጫማውን ክር ደጋግሞ ያስራል።

"ማንም ንቅንቅ እንዳይል!" አለ፣ ገና ከደጅ።

መጀመሪያ የልጅቷን ታላቅ ወንድም ያዘ። ሠላሳ ሊደፍን ሁለት ዓመት የቀረው ጎረምሳ።

"ከጠዋት ጀምሮ የት ነበርክ?"

"አልጋዬ ላይ።"

"ምን ስታደርግ?"

"ስዋጋ።"

"ከማን ጋር?"

"ጌም ነው፣ ሃምሳ አለቃ።"

"አጥፋው!"

"ሊገድሉኝ እኮ ነው!"

"ሙት!"

አጠፋው። ሞተ። ልጅቷ እንደገና ደወለች። አክስት አሁንም አፏን ከፍታ ቀረች። ወንድም ነፃ ወጣ።

ቀጥሎ ከምድር ቤት ፀጉር አስተካካዩ መጣ፤ ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛ ወንበር ላይ ጥሎ።

"የዚህን ቤት ፓስዎርድ ታውቃለህ?"

"የቱን ፓስዎርድ?"

"አትቀልድብኝ።"

"እ... አውቃለሁ። ራሷ ናት የሰጠችኝ። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ስልኩን ካልነካካ ተነስቶ ይሄዳል ብዬ ለምኛት።"

እናት ጣራ ጣራውን አየች።

"አሁን ስንት ሰው አለ ሱቅህ?"

"ስድስት።"

"ያዝኩህ!"

ልጅቷ ፓስዎርዱን ቀየረች። ከታች የስድስት ሰው ጩኸት ተሰማ። አክስት አፏን ገጠመች፣ ሁሉም ተስፋ አደረገ፣ መልሳ ከፈተችና ደረቀች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ። የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ። "ይሄም ሊያመልጠኝ ነው።"

ይኼኔ የእናት የልብ ጓደኛ፣ ዳቦ ሻጯ፣ ዱቄት የነካው ሽርጧን እንዳደረገች ገብታ ጥግ ተቀመጠች።

ሃምሳ አለቃ አሰበ አሰበና የልጅቷን ስልክ ተቀበለ። "ይቺ ማራገቢያ የምትመስል ምልክት ስትሞላ ጥሩ ነው፣ ስትጎድል መጥፎ። አይደል?"

"አዎ።"

ስልኩን ፊት ፊት እየያዘ ቤቱን ዞረ። ሳሎን፣ አንድ መስመር። ማድ ቤት፣ ባዶ። መኝታ ቤቱ በር ላይ፣ ሁለት።

"ክፈቺ።"

"ስምንት ሰዓት አልሆነም!"

"እህቴ፣ በሕግ አምላክ።"

ቁልፉ ከደረቷ ወጣ። ክፍሉ እንደ ሙሽራ ቤት ያበራል። ሳጥኑ የነበረበት መደርደሪያ ላይ አበባ ተቀምጧል።

"ሳጥኑስ?"

እናት አበባውን ታስተካክል ጀመር።

ከብረት ቁም ሳጥኑ በር ሥር አንድ ሽቦ ጅራቱን አውጥቷል። ስልኩን አስጠጋ፣ ምልክቷ ጢም ብላ ሞላች። በሩን ከፈተ። ሳጥኑ ብርድ ልብስ መሃል ተጋድሟል፣ ዳንቴል ለብሶ። ሲነኩት እንደ ታመመ ሕፃን ያተኩሳል።

"ማን ነው እዚህ ያስገባው?"

"እኔ" አለች እናት።

"እማዬ!"

"ታዲያ ከጭንቅላትሽ ጀርባ ነዋ የነበረው! ሁለት ቀንድ አለው። ሰዎቹ በካሜራ ሲያዩሽ ልጄ ቀንድ ያበቀለች ልትመስላቸው? ደግሞ አቧራ እንዳይገባበት አለበስኩት።"

"ብረት ውስጥ ሲሆን ይታፈናል እኮ፣ እማ!"

"ሽቦው ተሰክቷል! ቧንቧ ቁም ሳጥን ውስጥ ቢያልፍ ውሃው ይቆማል እንዴ?"

ሳጥኑን አውጥተው፣ ገፍፈው፣ ካሜራው የማያየው ጥግ ወንበር ላይ አስቀመጡት። አክስት ወዲያው "...ብዬሽ ነበር፣ ትሰሚኛለሽ?" ብላ የጠዋቱን ወሬ ጨረሰች።

ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተዘጋ። አርባ ደቂቃ ሁሉም ኮሪደር ላይ ቆሞ ጠበቀ። በሩ ሲከፈት ልጅቷ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

"ሰኞ ጀምሪ አሉኝ!"

ተሳሳቁ፣ ተቃቀፉ። ሃምሳ አለቃ ግን ደረቱን ነፍቶ ጀመረ። "ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም! ከሳሿ ራሷ ወንጀለኛ! ምስኪን ሳጥን አስራ 'ሌባ ያዙልኝ' ትላለች!"

ወንድምና ፀጉር አስተካካዩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እናት ዳንቴሏን እያጣጠፈች አቀረቀረች።

ዳቦ ሻጯ ከጥግ ተነሳች።

"እሷ ሳታውቅ ያሰረችው አንድ ሳጥን ነው፣ ያውም ለአንድ ቀን። አንተ ዛሬ ብቻ ሁለት ንጹሕ ሰው ይዘሃል። የሠላሳ ዓመቱን ልቁጠርልህ?"

ሃምሳ አለቃ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ጀመር።